የወጣት ታራንቱላ ጾታ ከጣለችው ቆዳ እንዴት ይታወቃል?

በድሬዳዋ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ ክበብ አባላት የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የክበቡ አባላት፣ ልጆቻችሁ የሚያሳድጉትን እንስሳ ለማወቅ ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ የመጣችሁ ወላጆች፤ ስለ ግብዣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ታራንቱላ የተባለውን ትልቅ ጸጉራም ሸረሪት የሚያሳድግ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ወንድ ነው ወይስ ሴት?» ብሎ ነው። በአንዳንድ ዝርያዎች ሴቷ ከ20 ዓመት በላይ ስትኖር፣ ወንዱ ግን ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ወራት እስከ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ቆይቶ ይሞታል። ስለዚህ ዛሬ አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሚረከባት ትንሽ ሸረሪት ሴት ከሆነች፣ ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ከያዘ በኋላም ምግብና ውኃ ትጠብቅበታለች።

ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ አያስቸግርም፤ ከአፉ ግራና ቀኝ ያሉት አጫጭር እግር መሰል አካላት ጫፋቸው አብጦ ይታያል። በወጣቷ ላይ ግን ይህ ምልክት የለም። ሆዷን ከሥር ተመልክተው በመራቢያ ቀዳዳዋ አካባቢ ባለው የጸጉር አቀማመጥ የሚፈርዱ ሰዎች አሉ፤ ልምድ ያለው ዓይን አንዳንዴ ቢያገኘውም፣ በእኔ እምነት ይህ ግምት እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ለዚህ ብሎ ሸረሪቷን በእጅ ይዞ መገልበጥማ ፈጽሞ አይገባም፤ ከዝቅተኛ ከፍታ እንኳ ብትወድቅ ሆዷ ሊፈነዳ ይችላል።

ማረጋገጫው እሷ ራሷ የምትጥለው ቆዳ ነው። ሴቷ የወንዱን ዘር የምታቆይበት ስፐርማቴካ የተባለው ከረጢት፣ ከውስጥ የተሸፈነው የውጭ አካሏን በሚሸፍነው ዓይነት ጠንካራ ሽፋን በመሆኑ፣ ቆዳ በምትጥልበት ጊዜ የከረጢቱም ሽፋን አብሮ ይወጣል። በዚህም ምክንያት ከወንድ ጋር የተገናኘች ትልቅ ሴት እንቁላል ከመጣሏ በፊት ቆዳዋን ከቀየረች፣ ያጠራቀመችውን ዘር ታጣለች።

ቆዳውን ለማንሳት አትቸኩሉ። አዲስ ቆዳ የለበሰች ሸረሪት ጥርሷ ሳይቀር ለስላሳ ስለሆነ፣ በራሷ ጊዜ ራቅ እስክትል ጠብቃችሁ በወረንጦ አውጡት። ከደንገጎ ተራራ በታች ባለው የድሬዳዋ ሙቀታችን ቆዳው ቶሎ ደርቆ ይኮማተራል፤ በደረቁ ለመዘርጋት መሞከር መቅደድ ነው። ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጠብ በተደረገበት ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አቆዩት፤ ሲለሰልስ የሆዱን ክፍል በለስላሳ ብሩሽ ቀስ እያላችሁ፣ የውስጡ ገጽ ወደ ላይ እንዲሆን አድርጋችሁ መስታወት ላይ ዘርጉት።

አራት ነጣ ያሉ ክብ መሰል ምልክቶች ታያላችሁ፤ እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተነባበሩት ሳንባዎቿ የነበሩበት ቦታ ነው። ዓይናችሁን በፊተኞቹ ሁለቱ መካከል፣ አግድም በሚያልፈው ስንጥቅ ላይ አሳርፉ። ከስንጥቁ ጠርዝ ተነስቶ በመርፌ ጫፍ ብድግ የሚል ስስ ቁራጭ ካለ፣ እሱ የከረጢቱ ሽፋን ነውና ሴት ናት። ቅርጹ እንደ ዝርያው ይለያያል፤ በአንዳንዶቹ አንድ ሰፊ ገበታ ሲሆን፣ በሌሎቹ ሁለት የተለያዩ ጉብታዎች ናቸው። ቦታው ዝርግ ከሆነና የሚነሳ ነገር ከሌለው ወንድ ሳይሆን አይቀርም። በአንዳንድ ወንዶች ላይ ከረጢት የሚመስሉ ትናንሽ ጉብታዎች ስለሚታዩ፣ ብድግ ማለቱን ሳታረጋግጡ «ሴት ናት» አትበሉ።

በጣም ትንሽ የሆነች ሸረሪት ቆዳ በአጉሊ መነጽር ቀርቶ በማይክሮስኮፕም ላይነበብ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሳጥኗ ላይ «ጾታዋ አልታወቀም» ብላችሁ ቀኑን ጻፉና ቆዳውን በወረቀት ጠቅልላችሁ አስቀምጡ፤ ወጣት ሸረሪት በዓመት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ቆዳዋን ስለምትቀይር የሚቀጥለው ሩቅ አይሆንም። አሁን ጠረጴዛው ላይ ሁለት የተዘረጉ ቆዳዎች አሉ፤ በየተራ እየመጣችሁ ተመልከቱና የየትኛው ጾታ እንደሆኑ ለመምህራችሁ ንገሩ።