አንደኛ የወጣው ሁለት ጭንቅላት አለው?

ዮናስ፦ ሄሉ፣ ዛሬ ፊትሽ በርቷል። ምን ተገኘ?

ሄለን፦ አልናገርም። ዓይን ይበላታል።

ዮናስ፦ (ሳቅ) ማይክ ፊት ቁጭ ብለሽ?

ሄለን፦ እሺ በቃ። ልጄ የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና አለፈች። ከ600፣ 412!

ዮናስ፦ እንኳን ደስ አለሽ! ሳትነግሪኝ?

ሄለን፦ ዮኒ፣ ሐምሌ ላይ ብርድ ልብሷን ተሸክማ ልትፈተን ዩኒቨርሲቲ ስትገባ፣ ስልክ ስለማይገባ ድምጿን እንኳን ሳልሰማ ነው የከረምኩት። ከዚያ እንቁጣጣሽ መጣ፤ ዶሮው ተሠራ፣ ማን ይብላው? ውጤቱ መስከረም 4 ነው የተነገረው። የመግቢያ ቁጥሯን ሳስገባ ድረ ገጹ እምቢ፣ ሳስገባ እምቢ። ሲከፈት አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ዮናስ፦ እልልታውስ?

ሄለን፦ ጋቢ አፌ ላይ አድርጌ። ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ ልጅም ተፈትኗል፤ አልመጣለትም።

ዮናስ፦ እ... ይሄ ከባድ ነው።

ሄለን፦ በአገር ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ አምጥተው ያለፉት በ2014፣ 3.3 ከመቶ፤ በ2015፣ 3.2፤ በ2016፣ 5.4። የ2017ቱ ተሻሻለ ተብሎ 8.4 ነው። አስበው፣ እኔ እልል ስል ዙሪያዬን ከመቶው ከዘጠና አንድ በላዩ ቤት ዝም ብሏል። ዓይን ምናምን የምለው ሰበብ ነው መሰለኝ፤ የምፈራው የጎረቤቴን ፊት ነው።

ዮናስ፦ የእኔ አባት ግን ጎረቤትም አላሳሰበው፣ ዝም ብሎ ዝም ነበር። ሰባተኛ ክፍል ሰኔ 30 ካርዴን ይዤ እየሮጥኩ መጣሁ፤ ከ64 ልጅ ሁለተኛ። አገላብጦ አየና፣ «አንደኛ የወጣው ሁለት ጭንቅላት አለው?»

ሄለን፦ (ሳቅ) የሁሉም አባት ነው እንዴ እሷን የሚላት!

ዮናስ፦ ፊት ለፊት ካሞገሱት ይሞላቀቃል ነዋ። ከዓመታት በኋላ ለቅሶ ቤት አንድ ሽማግሌ፣ የአባቴ የጋራዥ ባልደረባ፣ እጄን ይዘው «ፊዚክስ 97 ያመጣኸው አንተ ነህ?» አሉኝ። እኔ እንኳን ረስቼዋለሁ! ካርዴን ፎቶ ኮፒ አድርጎ በቱታው ኪስ ይዞ ይዞር ነበር አሉ። ጋራዡ በሙሉ ያውቃል፤ ከእኔ በቀር።

ሄለን፦ ውይ... ታዲያ እኔስ ምን አልኩ መሰለህ? ውጤቱን አይቼ ገና አቅፌያት፣ «እንግሊዝኛው ለምን ዝቅ አለ?»

ዮናስ፦ አላደረግሽውም!

ሄለን፦ ከአፌ አመለጠኝ። ልጅቷ ሳቀችብኝ፤ «እማ፣ ትንሽ እንኳን ብትቆዪ» አለችኝ። ጉሊት ላይ ሽንኩርት ለምትሸጥልኝ ሴት ግን አንድ ሳላስቀር ተርኬላታለሁ። የራይድ ሹፌሩም ያውቃል።

ዮናስ፦ ጎረቤትሽስ?

ሄለን፦ ምን ሆነች መሰለህ፣ ከጉሊት ሰምታ እልል እያለች ገባች። እየሳመችኝ፣ «ለምን ደበቅሽኝ?» ብላ ተቆጣችኝ። የእሷ ልጅ ሪሜዲያል፣ ማካካሻ ትምህርቱ፣ ይገባ ይሆናል። አፈርኩ። ወዲያው ቄጤማ ጎዝጉዤ ቡና አፈላሁ፤ ሰፈሩ ተሰበሰበ። አቦሉ ላይ «ስንት አመጣች?» ሲሉኝ፣ ደረቴን ነፍቼ «421!» አልኩ።

ዮናስ፦ ቆይ፣ ቅድም 412 አላልሽም?

ሄለን፦ እሷም ከጓዳ ጮኸች፤ «እማ! 412!»