የያርቫ ሕንፃዎች እንዴት ተሠሩ? ከእድሳቱ በፊት የሚታወቅ ነገር

እናቶቻችን፣ አባቶቻችን፣ እህቶችና ወንድሞች፤ ጥሪያችንን አክብራችሁ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን።

የምንነጋገረው ስለምንኖርባቸው ቤቶች ነው፤ በስቶክሆልም ያርቫ ስላሉት ሰፈሮች፣ ስለ ቴንስታ፣ ስለ ሪንከቢና ስለ ሁስቢ። ሕንፃዎቹ ሃምሳ ዓመት ያህል ሆኗቸዋል፤ እድሳት ተራ በተራ እየደረሳቸው ነው። አከራዩ ለእድሳቱ ፈቃዳችንን የሚጠይቅበት ወረቀት በፖስታ ሲመጣ አንዳንዱ ሳያነብ ይፈርማል፣ አንዳንዱ ሳያነብ ይጥለዋል። ሁለቱም ገንዘብ ያስከፍላል። ወረቀቱን በትክክል ለማንበብ ደግሞ ቤቱ ከምን እንደተሠራና የቱ አካሉ እንዳረጀ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የስዊድን ሕዝብ ከገጠር ወደ ከተማ ጎረፈ፤ በስቶክሆልም ቤት ለማግኘት ወረፋው ዓመታት ይፈጅ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1965 እስከ 1974 በ10 ዓመት አንድ ሚሊዮን ቤት እንዲሠራ ተወሰነ፤ ያኔ የአገሪቱ ሕዝብ 8 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። ዕቅዱም ተሳካ። ቴንስታና ሪንከቢ የተተከሉት ወታደር ይለማመድበት በነበረው የያርቫ ሜዳ ላይ ነው። ሰው ቀድሞ ገባ፤ የምድር ውስጥ ባቡሩ ግን ቴንስታና ሪንከቢ የደረሰው ነሐሴ 1975 ነው።

ሕንፃዎቹ ወደ ጎን ረጃጅምና ቀጥ ያሉት አርክቴክቶቹ ቀጥታ መስመር ስለወደዱ ብቻ አይደለም። ክሬኑ በሐዲድ ላይ ይሄድ ነበር፤ ሐዲዱ ቀጥ ካለ ሕንፃውም ቀጥ ይላል። ከሦስት ፎቅ በላይ ሊፍት ግዴታ ስለነበር፣ ወጪ ለመቆጠብ ብዙዎቹ ሦስት ፎቅ ላይ ቆሙ። ዛሬ ጉልበታቸው የደከመ እናቶች ዘንቢል ይዘው ደረጃ የሚወጡት በዚያ ስሌት ምክንያት ነው።

«በጥድፊያ የተሠራ ስለሆነ ደካማ ነው» ሲባል ትሰማላችሁ። አጥንቱ ደካማ አይደለም። በአብዛኞቹ ሕንፃዎች ክብደቱን የሚሸከሙት ቤትን ከቤት የሚለዩት የኮንክሪት ግድግዳዎች ናቸው። የውጭው ፊት ብዙውን ጊዜ ምንም አይሸከምም፤ ተነቅሎ በሌላ ሊተካ ይችላል። የሚያረጀው ለስላሳው ክፍል ነው፦ በኮንክሪቱ መጋጠሚያ የተሞላው ማሸጊያ፣ የፍሳሽ ቧንቧው፣ የመታጠቢያ ቤቱ ውኃ መከላከያ፣ መስኮቱ፣ የአየር መሳቢያው።

ስለ አየር መሳቢያው ረዘም አድርገን እንናገር፤ እኛን በተለይ ይመለከታልና። ጣሪያ ላይ ያለ ማራገቢያ ከሁሉም ቤት ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት አየር ይስባል። የወጣው አየር የሚተካው መስኮት ላይ ወይም ከማሞቂያው ጀርባ ባለች ጠባብ ቀዳዳ ነው። ክረምት ሲመጣ ብርድ ገባ ብለን ቀዳዳዋን በፕላስተር እንደፍናለን። ያኔ ማራገቢያው መሳቡን አያቆምም፤ በደጃፍ በኩል ከደረጃው ይስባል፣ የጎረቤት ሲጋራና ወጥ ወደ ቤታችን ይመጣል። እንፋሎቱ ደግሞ መውጫ ያጣና ከቤቱ ሁሉ የሚቀዘቅዘውን ቦታ ፈልጎ ውኃ ይሆናል፦ የውጭ ግድግዳ ጥግ፣ የቁም ሣጥን ጀርባ። ሻጋታው የሚጀምረው እዚያ ነው። ስለዚህ ቀዳዳዋ ክፍት ትሁን፤ ቁም ሣጥኑም ከውጭ ግድግዳ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ፈቀቅ ይበል።

እንጀራ በሚጋገርበት ቀን የመኝታ ቤቶቹን በር ዝጉ፣ የወጥ ቤቱን መስኮት ትንሽ ገርበብ አድርጉ። መሳቢያው መሥራቱን ለማወቅ አንድ ወረቀት አፉ ላይ አስጠጉ፤ ከተጣበቀ ይስባል፣ ከወደቀ ለአከራዩ በጽሑፍ አመልክቱ። ቅባቱን በሳሙና ውኃ እጠቡት፤ መሐል ያለችውን ክብ ቁራጭ ግን አታዙሯት። የእያንዳንዱ ቤት መጠን በእሷ ተለክቶ የተቀመጠ ነው፤ የእናንተ ሲሰፋ የጎረቤት ይቀንሳል። የራሱ ሞተር ያለውን የምድጃ መሳቢያ ገዝቶ ከጋራው ቱቦ ጋር ማገናኘትም አይፈቀድም፤ የበርበሬውን ሽታ በቀጥታ ወደ ላይኛው ቤት ይገፋዋል። በሕግ የታዘዘ የአየር ፍተሻ አለ፤ አየር ብቻ በሚስበው በዚህ ዓይነት ሥርዓት በየ6 ዓመቱ ይደረጋል። የውጤቱ ወረቀት ሕንፃው መግቢያ ላይ መለጠፍ አለበት፤ አንብቡት።

ስለ ምጣድም አንድ ነገር። የድሮ ቤቶች ፊውዝ ብዙውን ጊዜ 10 አምፔር ነው። በ230 ቮልት ሲባዛ 2300 ዋት ይሆናል። ከአገር ቤት የመጣ ትልቅ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ፊውዙ መቃጠሉ አይገርምም። ማራዘሚያ ገመድ መፍትሔ አይደለም፤ ገመዱ ይግላል። እዚህ የሚሸጡት 1500 ዋት ያላቸው ትንንሽ ምጣዶች ይበቃሉ፣ ግን በዚያው መስመር የውኃ ማፍያ አብራችሁ አትሰኩ።

ኮንክሪት የሰው ድምፅ በደንብ ይከለክላል፤ ምት ግን በአጥንቱ ይጓዛል። ቡና በሙቀጫ ስትወቅጡ ሁለት ፎቅ በታች ያለው ሰው ከጎኑ የምትወቅጡ ይመስለዋል። ወፍራም ላስቲክ ከሥሩ አንጥፉ።

አሁን ወደ ትልቁ ወጪ፣ ወደ ፍሳሽ ቧንቧ። የቆሙት የብረት ቧንቧዎች ዕድሜያቸው ሃምሳ ዓመት ገደማ ነው። ከውስጥ ይዝጋሉ፣ ይሻክራሉ፤ የሻከረ ቧንቧ ቅባት ይይዛል፣ ቅባቱ ጸጉር ይይዛል፣ ከዚያ በአንድ መስመር ያሉ ቤቶች በሙሉ ይደፈናሉ። የተረፈ ዘይት ወደ ቧንቧ አይደፋ፤ በጠርሙስ አጠራቅሙት። ስዊድኖቹ «ስታምቢቴ» የሚሉት ቧንቧውን ከምድር ቤት እስከ ላይ መቀየር ነው፤ መታጠቢያ ቤቱ እስከ ኮንክሪቱ ይፈርሳል፣ ለሳምንታትም በሌላ ቦታ መታጠብ አለ። ርካሹ አማራጭ ቧንቧውን ከውስጥ በፕላስቲክ መሸፈን ነው። እሱ ግን የወለሉን ውኃ መከላከያ አያድስም። ወለሉም ያረጀ ከሆነ ሥራው ግማሽ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

በረንዳ ላይ በመጋጠሚያው ያለውን ጎማ መሳይ ማሸጊያ በቢላ አትፋቁ። ከ1956 እስከ 1973 በተሠሩ ሕንፃዎች ፒሲቢ የተባለ መርዛማ ኬሚካል ሊኖርበት ይችላል፤ የሚያነሳው ባለሙያ ነው። እንዲሁም አሉም ሼል ከሚባል ድንጋይ የተሠራ «ሰማያዊ ኮንክሪት» ያለባቸው ቤቶች ራዶን የተባለ ጋዝ ያወጣሉ። ወሰኑ በአንድ ኪዩቢክ ሜትር 200 ቤከሬል ነው፤ የሚለካውም ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው የማሞቂያ ወቅት ቢያንስ ለ2 ወር ነው። የተዘጋ አየር ማስገቢያ ይህንንም ያባብሳል።

መንገዶቹን በአጭሩ እንያቸው። መኪና በታች፣ እግረኛ በድልድይ በላይ፤ የ1960ዎቹ ሐሳብ ይህ ነበር። ልጅ አውራ መንገድ ሳያቋርጥ ትምህርት ቤት ይደርሳል፤ ይህን ማንም ሊያጣጥለው አይገባም። ጉዳቱ ታች ነው፦ መንገዱ ዳር በርና ሱቅ የለም፣ የጋራዥ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ማታ የሚያይ ዓይን የለም፣ አምቡላንስም መግቢያውን ፈልጎ ይዞራል። ሪንከቢ ውስጥ በሪንከቢስትሮኬት በኩል ጋራዦቹ ወደ ሱቅ ተለውጠው መንገዱ ሰው አገኘ፤ በእኛ ግምት ከአዲስ ቀለም ሁሉ የሚበልጥ ሥራ ነው። ድልድዮቹን ደግሞ የክረምት ጨው ይበላቸዋል። ከሥር የዝገት ቀለም ያለው ውኃ ሲንጠባጠብ ካያችሁ ለማዘጋጃ ቤቱ አሳውቁ።

ወደ ወረቀቱ እንመለስ። ያረጀ ቧንቧ መቀየር ጥገና ነው፤ ጥገና ብቻውን ኪራይ አያስጨምርም። ኪራይ የሚያስጨምረው ቤቱን ከነበረበት ደረጃ ከፍ የሚያደርገው ነው፦ ሙሉ ሴራሚክ ግድግዳ፣ ፎጣ ማሞቂያ፣ የደኅንነት በር፣ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን። ስለዚህ እያንዳንዱ ነገር ስንት እንደሚያስጨምር ተለይቶ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ፤ የሚተውም ካለ ጠይቁ። ካልፈረማችሁ አከራዩ ወደ ኪራይ ጉዳዮች ሸንጎ፣ ወደ ሂረስናምንደን፣ መሄድ ይችላል፤ ግን እሱ ለእናንተ በጽሑፍ ካሳወቀ በኋላ 2 ወር ሳይሞላ አይችልም። በእነዚያ ሁለት ወራት የተከራዮች ማኅበሩን አማክሩ።

ወረቀቱ የደረሰው ሰው ይዞት ከመጣ ወደ ፊት ጠረጴዛ ይምጣ፤ ከሻዩ በፊት መስመር በመስመር አብረን እናነበዋለን።