ደማቸው ለምን ተደፋ? ሳይሳደብ የሚሠራው ዘረኝነት

ጤና ይስጥልኝ ቤተሰቦች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! ዛሬ ስለ ዘረኝነት ነው የምናወራው። ስድብ የሌለበት፣ ዱላ የሌለበት ዘረኝነት። በፈገግታ የሚቀበላችሁ ዘረኝነት።

እስቲ አንድ ነገር አስቡልኝ። ሰፈር ውስጥ ለቅሶ አለ። አንዲት ጎረቤት ሌሊት ተነስታ እንጀራ ጋግራ፣ ወጥ ሠርታ፣ በመሶብ ተሸክማ ትመጣለች። ባለቤቶቹ ብድግ ብለው ይቀበሏታል። «እግዜር ይስጥልን፣ ብድርሽን በደስታ ያድርግልን» ይሏታል። እሷ እንደወጣች እንጀራው በጓሮ በር ወጥቶ ጉድጓድ ይገባል። የሌሎቹ ጎረቤቶች እንጀራ ለለቀስተኛ ይቀርባል፤ የሚደፋው የእሷ ብቻ ነው። የእሷ ብቻ! ለሰልስቱ ታመጣለች፣ ለአርባውም ታመጣለች፣ ትመረቃለች፣ ይደፋል። አንድ ቀን ጉድጓዱን ታየዋለች። ያን ቀን የሚያማት እንጀራው ይመስላችኋል? እኔ ምርቃቱ ነው የሚያማት እላለሁ።

ይሄ በእስራኤል በደም ተደርጓል። ቤተ እስራኤሎች፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ በ1984 በሱዳን በኩል፣ በ1991 ደግሞ በቀጥታ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሄዱ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ልጆቻቸው ወታደር ሆኑ፣ እንደ ጓደኞቻቸው ተሰልፈው ደም ለገሱ። በጥር 1996 ማዕሪቭ ጋዜጣ ጉዱን አወጣው፤ የእነሱ ደም ለዓመታት በድብቅ ሲደፋ ኖሯል። በዚያው ወር ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው ኢየሩሳሌም፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ለፊት ወጣ። ፖሊስ በአስለቃሽ ጭስ መለሰው።

አሁን እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህን ታሪክ ባነሳሁ ቁጥር «ይሄ የኤችአይቪ ጉዳይ እንጂ የዘር አይደለም» የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ባለሥልጣናቱም የሰጡት ምክንያት ይኸው ነበር፤ ከኢትዮጵያ በመጡት ዘንድ ቫይረሱ ይበዛል የሚል። ግን ነገሩን እንየው። የተለገሰ ደም ሁሉ ይመረመራል። ምርመራው በቅርብ የተያዘን ሰው ላያገኝ ይችላል፤ ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ገብቶ በምርመራ እስኪታይ ያለውን ጊዜ ዊንዶ ፔሬድ ይሉታል። ለዚህ ሲባል ለጋሹ ስለ ራሱ ይጠየቃል። እነዚህ ልጆች ግን የተለዩት በትውልዳቸው ነው። ጥያቄው «አንተ ምን አደረግህ?» መሆኑ ቀርቶ «ከየት መጣህ?» ሆነ። ይሄ ዘር ካልሆነ ታዲያ ዘር ምንድን ነው?

እሺ፣ ጥንቃቄው ያስፈልግ ነበር እንበል። ታዲያ ደማቸውን ለምን ወሰዱት? መልሱ «እንዳናሸማቅቃቸው ብለን ነው» የሚል ነበር። እንዳይሸማቀቁ ተብሎ ተዋሹ! እኔ ይሄን መቀበል አልችልም። አንድ ወታደር እጁን ዘርግቶ ደሙን ሲሰጥ «እኔም የዚህ አገር ሰው ነኝ» እያለ ነው። የተደፋው ይህም ጭምር ነው።

ደግሞ በ1996 አላበቃም። ፕኒና ታማኖ ሻታ በ3 ዓመቷ ነው እስራኤል የገባችው። በ2013 የፓርላማ አባል ሆና፣ እዚያው ፓርላማው ግቢ ደም ልትሰጥ ሄደች። አይቻልም ተባለች። ስትከራከር ምን ቢሏት ጥሩ ነው? ደምሽን ወስደን በበረዶ እናስቀምጠዋለን፣ ግን አንጠቀምበትም። እዚያው መሶብ፣ እዚያው ጓሮ! በ2020 ሚኒስትር ሆናለች፣ በኢትዮጵያ ከተወለዱት የመጀመሪያዋ።

በሚቀጥለው ክፍል ወደ 2015 እንሄዳለን፤ ፖሊሶች ሆሎን ከተማ ውስጥ አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወታደር ደብድበው ቴል አቪቭ እንዴት እንደተቀጣጠለች እናያለን። ሰብስክራይብ አድርጋችሁ ጠብቁኝ።