ከእናንተ መካከል አታሚ የሚሆነው ማነው?

ውድ ተማሪዎች፣ መምህራን፣ እንግዶች፣ እንደምን ዋላችሁ?

ስጋበዝ «ስለ ሥራህ ንገራቸው» ተባልኩ። ሥራዬ ማተም ነው። ሠዓሊ አይደለሁም። ሠዓሊ ድንጋይ ወይም መዳብ ላይ የሳለውን ወረቀት ላይ የማወጣ ሰው ነኝ። «አታሚ ነኝ» ስል ብዙ ሰው የሠርግ ካርድ የማትም ይመስለዋል። ገባ ያለው ደግሞ «አሃ፣ ኮፒ ነዋ!» ይለኛል። ኮፒ አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ልንገራችሁና አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ዓመት ስጠራ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ሊቶግራፊን እንውሰድ። በ1790ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ጀርመን ውስጥ አሎይስ ዜነፌልደር የፈጠረው ዘዴ ነው። ነገሩ የቆመው ቅባትና ውሃ ስለማይስማሙ ነው። ከባቫሪያ የሚወጣ የኖራ ድንጋይ ፊቱ እየተፈተገ ይስተካከላል። ሠዓሊው ቅባት ባለው እርሳስ ይስልበታል። ከዚያ አታሚው የግራር ሙጫ ከጥቂት ናይትሪክ አሲድ ጋር ቀላቅሎ ይቀባዋል። አዎ፣ ያው በቆላው አገራችን ከዛፍ የሚለቀመው ሙጫ። ድንጋዩ ሲረጥብ ባዶው ቦታ ውሃ ይይዛል፤ የተሳለው ውሃውን ይገፋል። ቀለም የተቀባ ሮለር ሲሄድበት ቀለሙ የተሳለው ላይ ብቻ ይቀራል። ወረቀት ይለብስና በማተሚያው ሥር ያልፋል።

ሲወራ ቀላል ነው። አሲዱ ትንሽ ከበዛ ስሱን ጥላ ይበላዋል። ካነሰ ደግሞ ጥቂት እንደታተመ ሥዕሉ እየጠቆረ ይሄዳል። አየሩ ሲረጥብ ወረቀቱ ይለጠጣል። ለእያንዳንዱ ቀለም ብዙ ጊዜ ሌላ ድንጋይ ወይም ሌላ የማተሚያ ሳህን ይዘጋጃል፤ ሁሉም በትክክል መገጣጠም አለባቸው። ሠዓሊው ይህን ሁሉ ልካን ቢል መቼ ሊስል ነው? ለዚህ ነው ሁለት ሰው የሚያስፈልገው።

ሠዓሊው «ይሄ ሰማያዊ ደመቀብኝ» ይላል። አታሚው ቀለም ይቀይጣል፣ ያትማል፣ ያሳያል። «አሁን ደግሞ ሞተ» ይባላል። እንደገና። አንዳንዴ አታሚው «ተወው፣ ከዚህ በላይ ከነካነው ይበላሻል» ብሎ ይከራከራል። ሠዓሊው ልቡ ሲረካ አንዷን ወረቀት «ይታተም» ብሎ ይፈርምባታል። የቀሩት ሁሉ እሷን መምሰል አለባቸው። በልማድ ያቺ ወረቀት ለአታሚው ትሰጣለች። (ከደመወዜ ይልቅ የምወዳት እሷን ነው፤ አሠሪዎቼ እንዳይሰሙ እንጂ።) የተወሰነ ቁጥር ይታተምና ሥዕሉ ከድንጋዩ ላይ ተፍቆ ይጠፋል። እንግዲህ «ዋናው የት አለ?» ብትሉኝ፣ ሌላ ዋና የለም። እያንዳንዱ ወረቀት ዋና ነው።

አሁን ወደ ጁን ዌይን ልሂድ። አሜሪካዊት ሠዓሊ ነበረች። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሊቶግራፍ ለመሥራት ፓሪስ ድረስ ሄዳ ከማርሴል ዱራሲዬ ከሚባል አታሚ ጋር ትሠራ ነበር። አገሯ ውስጥ ሠዓሊ ሞልቷል፤ ድንጋይ የሚያውቅ እጅ ግን እየጠፋ ነበር። ለፎርድ ፋውንዴሽን ሐሳብ አቀረበች፣ ገንዘብ አገኘች። በ1960 ሎስ አንጀለስ ታማሪንድ ጎዳና ላይ፣ በጎዳናው ስም ታማሪንድ የተባለ የሊቶግራፊ ወርክሾፕ ከፈተች። ዋና ዓላማዎቿ ውስጥ አታሚ ማሠልጠን ነበረበት። ብዙ ሰው የሚያልፋት ነጥብ ይህቺ ናት። ገንዘብ ሲገኝ ሠዓሊ መሸለም ይቀላል፤ እሷ ከማተሚያው ጀርባ የሚቆመውን ሰው አሰበች።

ከዚያ ሠልጥነው የወጡት ደግሞ የራሳቸውን ወርክሾፕ ከፈቱ። ኬኔት ታይለር በ1966 ከሁለት ሸሪኮች ጋር ጀሚናይ የሚባለውን ወርክሾፕ መሠረተ። በዓመቱ አሜሪካዊው ሠዓሊ ሮበርት ራውሸንበርግ የራሱን አካል ኤክስሬይ ወስዶ እዚያ ወደ 1.8 ሜትር የሚጠጋ ህትመት አሳተመ። ጁዲት ሶሎድኪን በ1974 ከታማሪንድ የማስተር አታሚነት ማዕረግ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ ቀጥላ ኒውዮርክ ውስጥ የራሷን ወርክሾፕ ከፈተች። እህቶቼ፣ «ድንጋዩ ይከብድሻል» የሚላችሁን አትስሙት። ታማሪንድ ራሱ በ1970 ወደ ኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ እስከ ዛሬ ያሠለጥናል።

እዚያ በታተመ ወረቀት ጥግ ላይ ቀለም የሌለው ትንሽ ማኅተም ታያላችሁ። አንዱ የወርክሾፑ ነው፣ ሌላው የአታሚው። የእኛ ካሴት ሽፋን ላይ ከዘፋኙ ሥር የአቀናባሪው ስም ይጻፍ እንደነበረው ማለት ነው።

ጁሊ ምህረቱን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፣ አዲስ አበባ የተወለደችው። ትልልቅ ሸራዎቿ ናቸው ስሟን ያስጠሩት፤ ህትመቷ ግን ከዚያ አያንስም። በ2004 አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ሃይፖይንት በሚባል የህትመት ወርክሾፕ ውስጥ «ኢንትሮፒያ»ን ስትሠራ 32 ቀለም ነው የተደራረበው። በ2016 ኮፐንሃገን ውስጥ ከአታሚው ኒልስ ቦርክ ዬንሰን ጋር ስለ ደማስቆ የሠራችው ደግሞ ስድስት ትልልቅ ወረቀት ተገጣጥሞ አንድ ሥራ የሚሆን ነው። የከተማዋ ሕንፃዎች ሥር ይታያሉ፣ በላያቸው የእሷ ጥቁር የብሩሽ ምቶች ይወርዳሉ። ያንን ጥልቅ ጥቁር በመዳብ ላይ ማቆየት የአታሚዎቹም ጥበብ ነው።

እንግዲህ ልመናዬ። ህትመት ለዚህች ከተማ እንግዳ አይደለም። በ1960ዎቹ ጀርመን የተወለደው ሠዓሊ ሃንሰን ባሂያ የእንጨት ህትመትን እዚሁ አዲስ አበባ ያስተምር ነበር። ዛሬም የሚያትሙ አሉን። የማውቃቸው አብዛኞቹ ግን ራሳቸው ሥለው ራሳቸው የሚያትሙ ናቸው። ሌላ ሠዓሊ መጥቶ «ይህን አብረን እንሥራ» የሚለው ባለሙያ ነው ያነሰን። ስለዚህ ከእናንተ አንድ ሁለቱ፣ እጃችሁ ትዕግሥት ካለው፣ አታሚ ሁኑ። የባቫሪያ ድንጋይ ውድ ነው፤ በእንጨት ጀምሩ። ለእንጨት ማተሚያ መኪና እንኳ የግድ አይደለም፤ የወረቀቱን ጀርባ በማንኪያ ማሸት ይበቃል።

አሁን ወደ ታች እንውረድ፤ አንድ ድንጋይ አዘጋጅቻለሁ። ሽርጥ በር ላይ አለ። ጥያቄያችሁን እየሠራን እመልሳለሁ። እባካችሁ ድንጋዩን በጣት አትንኩት፤ የእጅ ቅባትም ይታተማል።