አሮጌው ሳምፕለር፣ አዲሱ ሳምፕለርና የእማማ ሙቀጫ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ እኔና ማይኩ ብቻ ነን። ከጀርባ የሚጮኸው ውሻ የኔ አይደለም። እዚህ ኮዬ ፈጬ ውሻው የብሎኩ ሁሉ ነው። አሁን ከምሽቱ ሶስት ሰዓት ነው፣ መብራት አለ፣ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ላውራ።

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ እያለከለከ አራተኛ ፎቅ ወጥቶ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ ያሉትን ሁለት ሳምፕለሮች አየ። አንዱ አሮጌ፣ አንዱ አዲስ፣ ሁለቱም አካይ ኤምፒሲ። «ለአንድ እንጀራ ሁለት ምጣድ ምን ያደርግልሃል? አሮጌውን ሽጠው» አለኝ። ሳቅኩና አለፍኩት። ማታ ግን ከነከነኝ። እውነት ለምንድን ነው የማልሸጠው?

ለማታውቁት፣ ሳምፕለር ድምፅ ቀድታችሁ፣ ቆራርጣችሁ፣ ቁራጩን በጣት እየመታችሁ የምትጫወቱበት ማሽን ነው። ኤምፒሲ ላይ አራት በአራት የተደረደሩ 16 የጎማ ፓዶች አሉ። አንዱ ላይ ከበሮ ታስቀምጣላችሁ፣ አንዱ ላይ ጭብጨባ፣ አንዱ ላይ ማሲንቆ። ሮጀር ሊን የሚባል ሰው ነው ከአካይ ኩባንያ ጋር ሆኖ የመጀመሪያውን፣ ኤምፒሲ 60ን፣ በፈረንጆቹ 1988 ያወጣው። የኔ አሮጌ የዚያ የልጅ ልጅ ነው። 2000 ኤክስኤል ይባላል፤ በ1990ዎቹ ማብቂያ ገደማ የመጣ ነው። አዲሱ ኤምፒሲ ላይቭ ነው፣ የ2017። ንክኪ ስክሪን አለው፣ ባትሪ አለው። «አዲስ» የምለው ከአሮጌው አንጻር ነው እንጂ ከሱ በኋላም ስንት ወጥቷል።

አሮጌውን የአክስቴ ልጅ ነው ከአሜሪካ ሲመጣ በልብስ ጠቅልሎ ያመጣልኝ። የአሜሪካ ዕቃ ማለት ደግሞ የ110 ቮልት ዕቃ ማለት ነው፤ የኛ ሶኬት 220 ነው። የእናቴ ጁስ መፍጫ የሞተው በዚህ ነው። ቀጥታ ሶኬት ላይ ተሰካ፣ አንዴ ጧ አለ፣ ከዚያ ሽታው ብቻ ቀረ። ስለዚህ ማሽኑን ሳልነካው መርካቶ ሄጄ ትራንስፎርመር ገዛሁ። እንደ ድንጋይ የሚከብድ ሳጥን ነው። ሲሰራ «እምምም» ይላል። ገመዶቹን ካላራራቅኩ ያ እምምታ ቀረጻዬ ውስጥ ይገባል። አሁንም ጠረጴዛው ስር እምም እያለ ነው፤ ጆሮ ያላችሁ ትሰሙታላችሁ።

ፓዶቹም ደክመው ነበር። በቡጢ ካልመታሃቸው አይሰሙም። ከፍቼ ከስራቸው ናስትሮ አነጠፍኩ፤ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር ነው። ዳኑ። እንደዚህ የምትከፍተው፣ የምትጠግነው ዕቃ ላይ ፍቅር ይያዛል መሰለኝ። አዲሱን ከፍቼው አላውቅም። እፈራዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጭቅጭቅ። «የድሮው ድምፁ ይሞቃል» የሚል ሰው አታጡም። እኔም ስል ኖሬአለሁ። ነገሩ መሰረት የሌለው ወሬ አይደለም። ኢሙ የሚባል ኩባንያ በ1987 ያወጣው ኤስፒ 1200 የሚባል ሳምፕለር ባለ 12 ቢት ነበር፣ ማለትም ድምፁን ከሲዲ ባነሰ ዝርዝር ነው የሚይዘው፤ በሰከንድ 26 ሺህ ጊዜ ገደማ ነው ድምፁን የሚለካው። ሲዲ ከ44 ሺህ በላይ ነው። ጠቅላላ የሚይዘው ደግሞ 10 ሰከንድ ብቻ! እንግዲህ የሂፕሆፕ ልጆች ምን አደረጉ? በደቂቃ 33 ጊዜ መዞር ያለበትን ሸክላ በ45 ፍጥነት እያሽከረከሩ ቀዱት። ቶሎ ስለሚያልቅ ቦታ አይፈጅም። ከዚያ ማሽኑ ውስጥ መልሰው ያዘገዩታል። ሲዘገይ ይሻክራል፣ አቧራ የነካው ይመስላል። ያ ዛሬ ሁሉም የሚወደው ሻካራ ድምፅ የመጣው ከቁጠባ ነው። እናቶቻችን ድርቆሽ ሲሰሩ የተረፈ እንጀራ እንዳይጣል ብለው ነበር፤ በኋላ ግን ድርቆሹን ራሱን ብለን የምንበላ ሆንን አይደል?

የኔ 2000 ኤክስኤል ግን እዚያ ጨዋታ ውስጥ የለበትም። ባለ 16 ቢት ነው፣ ልክ እንደ ሲዲ። ታዲያ ሙቀቱ ከየት ይመጣል? አንድ ቀን አንድ አይነት ከበሮ ሁለቱም ላይ ቀዳሁ። ድምፃቸውን እኩል አደረግኩ። ታናሽ እህቴን ጀርባዋን ሰጥታኝ እንድትቀመጥ አደረግኩና «የሚሞቀው የትኛው ነው?» አልኳት። ሁለት ጊዜ «ያው ነው» አለች። ሶስተኛው ላይ «ይሄ ወፈር ይላል» አለች። አዲሱ ነበር። ከዚያ «ቆይ፣ በዚህ ነው ቅዳሜህን የምትጨርሰው?» አለችኝ።

እሺ። በድምፅ ከሆነ አሮጌው ተሸንፏል፣ ወይ ቢበዛ አቻ ወጥቷል። ግን አንድ ነገር አለ። የጎረቤቴ ሙቀጫ።

ከኔ በታች ሶስተኛ ፎቅ ላይ አንድ እማማ አሉ። ቡና በማሽን የተፈጨ አይጠጡም። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብለው ይወቅጣሉ፣ ደረጃው ሁሉ ያስተጋባል። አስፈቅጄ ቀዳሁዋቸው። «ምን ይሰራልሃል ይሄ?» አሉኝ፤ «ሙዚቃ» አልኳቸው፤ «ኧረ ተው ልጄ» አሉ።

አምስት ደቂቃ ቀዳሁ። መጀመሪያ አዲሱ ላይ ሰራሁት። 2 ጊጋባይት ራም ነው ያለው፤ ለአምስት ደቂቃ ግድ የለውም። ቁረጥ አልኩት፣ ጮክ ያሉትን ምቶች እየፈለገ ራሱ ቆራረጠው። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ሙዚቃ ወጣው። ደስ አለኝ፣ ለጓደኞቼ ላክሁ፣ በማግስቱ ረሳሁት።

ከሳምንት በኋላ ያንኑ አሮጌው ላይ ሞከርኩ። አሮጌው ቢበዛ ቢበዛ 32 ሜጋባይት ነው። በሞኖ፣ ማለትም በአንድ ቻናል፣ ስድስት ደቂቃ ገደማ ማለት ነው፤ እሱ ይበቃ ነበር። ችግሩ ሴቭ ሲደረግ ነው። የኔው ሴቭ የሚያደርገው ፍሎፒ ላይ ነው፣ ያ የድሮ ኮምፒውተር ዲስክ። አንድ ፍሎፒ 1.44 ሜጋባይት። አስሉት፤ አስራ ስድስት ሰከንድ ገደማ። ስለዚህ ከእማማ አምስት ደቂቃ ውስጥ አስራ ስድስት ሰከንድ መምረጥ አለብኝ። የትኛውን?

ሰማሁ። ደገምኩ። የማሽኑን መዘውር እያዞርኩ መነሻውን፣ መድረሻውን እየቆረጥኩ ስንቴ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም። ያኔ ነው የገባኝ፤ እማማ እኩል አይወቅጡም። ጥቂት ጊዜ ጠንከር አድርገው ይመቱና አንዷን ዘነዘናው የሙቀጫውን ከንፈር ብቻ «ጠቅ» አድርጎ ያልፋል። በዚያች ክፍተት በመዳፋቸው ወደ ላይ የወጣውን ቡና ጠርገው ይመልሳሉ፤ «ሽው» የምትል ድምፅ አለች። ከሷ ቀጥሎ ትንፋሽ አለ። «እህ።» አምስት ደቂቃ ሙሉ እንደዚያ ነው፤ ጠቅ፣ ሽው፣ እህ።

ተመልሼ አዲሱን ከፈትኩ። ሁሉም አለ! ጠቅ አለች፣ ሽው አለች። ማሽኑ ጮክ ያለውን ተከትሎ ሲቆርጥ እነዚህን የየቁራጩ ጭራ አድርጓቸዋል። አልጣላቸውም። እኔ ነኝ ፓድ እየመታሁ ጭራው ሳይደርስ ጣቴን የማነሳው። ማንም አልከለከለኝም እኮ፤ አዲሱም ላይ ስንቴም መስማት እችል ነበር። አልሰማሁም።

ይህን ለጓደኛዬ ብነግረው «ታዲያ ችግሩ አንተ ነህ፣ አሮጌውን ሽጠው» ይለኛል። ልክም ነው።

ምቱን በተመለከተ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሁለቱም ማሽኖች ስትከፍታቸው አራት አራት ነው የሚቆጥሩት። ጣትህ ቢስት ወደ ቅርቡ መስመር ጎትተው ያስተካክሉልሃል። የኛ ችክችካ ግን በስድስት ነው የሚሄደው። ሳላስብ በአራቱ ብተወው የእማማ ውቀጣ የወታደር ሰልፍ ሆነ። ግራ፣ ቀኝ። መፍትሄ አለው፤ በሶስት የሚከፍለውን ትመርጣለህ። ወይም ስዊንግ የሚባለውን፣ ሮጀር ሊን ያመጣውን፣ ከ50 ወደ 66 በመቶ ታሳድገዋለህ፤ 66 ላይ ሲደርስ ሁለተኛዋ ምት ልክ የሶስትዮሹ ቦታ ላይ ትወድቃለች። ግን እሱም ቢሆን በጣም ልክ ነው። ሰርግ ላይ ከበሮ የሚመታ ሰው 66 አይመታም። በመጨረሻ ማስተካከያውን አጠፋሁት። የሂፕሆፕ ሙዚቃ አቀናባሪው ጄ ዲላም በዚህ ነው የሚታወቀው፤ የሱ ኤምፒሲ 3000 ዛሬ ዋሽንግተን የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚየም ውስጥ ነው። አሮጌው አንዷን ምት 96 ቦታ ይከፍላታል፣ አዲሱ 960። በደቂቃ 120 ምት ፍጥነት ሲሆን የአዲሱ አንዷ ክፋይ ግማሽ ሚሊሰከንድ ናት። የኔ ጣት የግማሽ ሚሊሰከንድ ወግ የላትም።

አሮጌውን አብዝቼ እንዳላሞግስ የበደለኝንም ላውራ። አያቴ ከገጠር መጥታ የእህቴን ልጅ እሹሩሩ ስትል አገኘኋት። ማይክ ሰካሁ፣ ቀጥታ አሮጌው ላይ ቀዳሁ። አታውቅም ነበር፤ ልጁን እያየች ነው የምታንጎራጉረው። የራሷን ቃል እየጨመረች፣ መሃል ላይ «ተኛ እንጂ አንተ!» እያለች። ፍሎፒ ልከት ስነሳ መብራት ሄደ። አሮጌው ያልተቀመጠ ነገር አያስታውስም፤ ከጠፋ ጠፋ።

መብራቱ ሲመጣ «እማዬ፣ እስቲ ያንን ድገሚልኝ» አልኳት። ደገመችልኝ። ግን በዚህኛው ማሽኑን እያየች ነው። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ልክ ሬዲዮ ላይ እንደቀረበች። ልጁም ቀድሞ ተኝቷል። ያ ቀረጻ አለኝ፣ ደህና ነው፣ አንድም ቀን ሙዚቃ ውስጥ አስገብቼው አላውቅም። ከዚያ በኋላ ሰው የምቀዳው በአዲሱ ብቻ ነው። ባትሪው አራት አምስት ሰዓት ይይዝልኛል፣ መብራት መጣ ሄደ ጉዳዩ አይደለም።

አሁን ያለኝ ሰባት ፍሎፒ ነው። ሁለቱ አይነበቡም። ሶኒ ፍሎፒ መሸጥ ያቆመው በ2011 ነው፤ እንግዲህ ያሉት እስኪያልቁ ነው። በፍሎፒው ቦታ የሚገባ ፍላሽ የሚቀበል ዕቃ አለ፤ የአክስቴ ልጅ «ልላክልህ?» እያለኝ ነው። አንድ ፍላሽ ላይ ስንት ፍሎፒ እንደሚገባ አስቡት። ግን ያኔ አስራ ስድስት ሰከንዴ ይቀራል። እንደማልመርጥ አውቃለሁ፤ ሁሉንም አስቀምጣለሁ። እስካሁን «ላክ» አላልኩትም፣ «ተው»ም አላልኩትም። እናንተ...

ሰማችሁ? እምምታው ቆመ። መብራት ሄደ። ላፕቶፑ በባትሪ ነው፣ እየቀዳ ነው፣ አይዟችሁ። ብሎኩ ሁሉ ጸጥ ሲል... ቆይ። ከሜዳው በኩል። ጅቡ ነው። ዛሬ ቀረብ ብሏል። በሉ ቻው፣ ሳምንት እንገናኝ፤ ያንን አዲሱን ይዤ በረንዳ ልውጣ።