ውሻችሁን ከማሰራችሁ በፊት ሜትር አውጡ

ለሰሜን ቨርጂኒያ ኢትዮጵያውያን የቀረበ ንግግር

እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን ዋላችሁ።

አገር ቤት ውሻ ዘበኛ ነው። ቀን እንግዳ እንዳይነክስ ይታሰራል፣ ማታ ሌባም ጅብም እንዳይደፍር ይለቀቃል። ቤት አይገባም፤ ትራፊውን በልቶ ደጅ ያድራል። ወደ አሌክሳንድሪያና ፌርፋክስ ስንመጣ ይህ ልማድ አብሮን መጣ፣ ግን ግማሹ መንገድ ላይ ቀረ። ማሰሩ መጣ፣ መፍታቱ ቀረ። እዚህ ማታ እንዳንለቀው አጥሩ አጭር ነው ወይም ጭራሽ የለም፣ ጎረቤቱ ቅርብ ነው፣ ባለቤቱም ሁለት ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ አገር ቤት ጀምበር ስትጠልቅ ይፈታ የነበረው ውሻ፣ እዚህ አንድ ዛፍ ሥር ይውላል፣ እዚያው ያድራል።

ቨርጂኒያ ውሻ ማሰርን ጨርሳ አልከለከለችም። ያደረገችው በቁጥር መወሰን ነው። ማሰሪያው ቢያንስ 15 ጫማ፣ ማለትም አራት ሜትር ተኩል ያህል፣ ወይም የውሻውን ርዝመት አራት እጥፍ መሆን አለበት፤ ከሁለቱ የሚበልጠው ይወሰዳል። ርዝመቱ የሚለካው ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጭራው መነሻ ነው፤ ጭራው አይቆጠርም። ውሻውን አቁማችሁ ለኩት። 45 ኢንች ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 15 ጫማ ይበቃዋል። 48 ኢንች ከሆነ 16 ጫማ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው ቁጥር ክብደት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ማሰሪያው ከውሻው ክብደት አንድ አሥረኛ መብለጥ የለበትም። እስቲ እናስላው። ሩብ ኢንች ውፍረት ያለው የብረት ሰንሰለት በአንድ ጫማ ከ0.6 ፓውንድ በላይ ይመዝናል። በ15 ጫማ ስታባዙት ከ9 ፓውንድ ያልፋል። ይህን ሰንሰለት በሕግ ሊሸከም የሚችለው ከ90 ፓውንድ በላይ የሆነ ውሻ ብቻ ነው። 65 ፓውንድ ለሚመዝን ውሻ የሚፈቀደው 6.5 ፓውንድ ነው። እንግዲህ የርዝመቱንና የክብደቱን ደንብ አብራችሁ ካነበባችሁ፣ ሕጉ «ሰንሰለት ክልክል ነው» ባይልም፣ ከሃርድዌር መደብር የምትገዙትን ወፍራም ሰንሰለት በአብዛኛው ከጨዋታ አስወጥቶታል። በፕላስቲክ የተሸፈነ ቀጭን የብረት ገመድ ርዝመቱንም ክብደቱንም ያሟላል፣ ዋጋውም አይከብድም። ጉልበት እንዲያወጣ ተብሎ ማሰሪያው ላይ ብረት ወይም ሌላ ከባድ ነገር ማንጠልጠል ደግሞ በግልጽ የተከለከለ ነው።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። 32 ዲግሪ ፋራናይት ወይም ከዚያ በታች፣ 85 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ውሻ ውጭ ታስሮ መቆየት የለበትም፤ የሙቀት ማሳሰቢያ ወይም የከባድ ማዕበል ማስጠንቀቂያ በሚወጣበት ጊዜም እንዲሁ። ያለበትን ሁኔታ መጥቶ ያየ የአኒማል ኮንትሮል (የእንስሳት ቁጥጥር) ሠራተኛ «ይህ ውሻ ደህና ነው» ካላለ በቀር ማለት ነው። የሐምሌን ቀትርና የጥርን ሌሊት አስቡ። በዚህ አካባቢ የበጋው ቀን እኩሌታ፣ የክረምቱም ሌሊት አብዛኛው ከእጃችሁ ወጣ። «ውጭ ነው የሚኖረው» የሚለው መልስ ዓመቱን ሙሉ የሚያስኬድ አይደለም።

በቂ ቦታና መጠለያ አለመስጠት ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ 250 ዶላር ያስቀጣል። ጥፋቱ ምግብ፣ ውሃ ወይም መጠለያ መንፈግ ሆኖ ሲደገም እስር ሊከተል ይችላል። ውሻ አስሮ መታሰር ማለት ነው። አንዳንድ ካውንቲዎች ከስቴቱ ሕግ ጠበቅ ያለ የራሳቸው ደንብ ስላላቸው፣ ወደምትኖሩበት ካውንቲ ደውላችሁ በቀን ስንት ሰዓት ማሰር እንደሚፈቀድ ጠይቁ። ጎረቤት ጠቁሞ ሠራተኛ ደጃችሁ ከመጣ ውሻውን ጋራዥ ውስጥ አትደብቁ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወረቀቱን አሳዩ፤ አራት ወር የሞላው ውሻ ሁሉ መከተብ እንዳለበት የቨርጂኒያ ሕግ ያዛል።

አሁን ወደ ጓሮው እንሂድ፤ ነገሩ የሚበላሸው እዚያ ነው። 15 ጫማ ገመድ ውሻውን ዙሪያውን 30 ጫማ ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ያንቀሳቅሰዋል። የብዙ ታውንሃውስ ጓሮ ግን ከ20 ጫማ ብዙም አይሰፋም። ስለዚህ ገመዱ አጥር ላይ፣ ደረጃ ላይ፣ የባርቤኪው ምድጃ ላይ ይጠመጠማል። ዛፍ ላይ የታሰረማ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዙሪያውን ዞሮ ዞሮ 15ቱን ጫማ ሁለት ያደርገዋል፤ ውሃውም የሚቀመጠው የማይደርስበት ቦታ ላይ ይሆናል። ከሁሉ የከፋው አጥር አጠገብ ወይም ዴክ፣ ማለትም ከፍ ያለ በረንዳ፣ ላይ ማሰር ነው። ውሻው ይዘላል፣ ገመዱ በዚያ ማዶ መሬት ለመድረስ ያጥረዋል፣ ተሰቅሎ ይሞታል። ሕጉ ማሰሪያው በጠርዝ ላይ እንዳያልፍ ያዘዘው ለዚህ ነው።

የአንገት ቀበቶውንም እዩ። ሁለት ጣት ከሥሩ መግባት አለበት። ቡችላ ሳለ የታሰረለት ቀበቶ ሳይላላ ሲቀር ሥጋው በላዩ ያድግበታል። ከውጭ ፀጉር ስለሚሸፍነው አይታይም፤ መጀመሪያ የሚያስታውቀው ሽታው ነው፣ በቀዶ ሕክምና ነው የሚወጣው። ታስሮ ለሚቆይ ውሻ ሲስቡት የሚያንቅ ወይም ሾህ ያለው ቀበቶ ፈጽሞ አታድርጉ። ደረቱን የሚይዝ ማሰሪያ ይሻላል። በሁለቱም ጫፍ የሚሽከረከር መንጠቆ ካለው ገመዱ አይጠመዘዝም። የውሃው ባልዲ ከግድግዳ ወይም ከእንጨት ጋር ይታሰር፤ ገመዱ ጠርጎ የሚደፋው መጀመሪያ እሱን ነው።

«ታስሮ ሲውል ማታ ኃይለኛ ይሆናል» የሚለውን ሁላችንም ሰምተነዋል። ከፊሉ እውነት ነው፤ ይናከሳል። በዴንቨር ተሠርቶ በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ጓሮ ውስጥ የሚታሰሩ ውሾች ከማይታሰሩት ይልቅ የመንከስ ዕድላቸው 2.8 እጥፍ ያህል ሆኖ አግኝቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የፈራ ውሻ ወይ ይሸሻል ወይ ይናከሳል፤ የታሰረው መሸሻ የለውም። እና ማንን ይነክሳል? ሌባውን አይደለም። ሌባ የገመዱን ርዝመት በዓይኑ ለክቶ በዚያኛው በኩል ያልፋል። የሚነከሰው ኳስ ሊያነሳ ክቡ ውስጥ የገባ የጎረቤት ልጅ፣ ወይም የራሳችሁ ልጅ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ የታሰረ ውሻ ግን በፖስተኛውም፣ በሽኮኮውም፣ በቅጠሉም ስለሚጮህ ውሎ አድሮ ጩኸቱን የሚሰማው የለም። ለጥበቃ ከሆነ ሐሳባችሁ፣ ደጃፉ አጠገብ ቤት ውስጥ የሚተኛ ውሻ ይበልጣል።

ሳሎን አስገቡት አልልም። ውሻ ከጸሎት ቤትና ከምግብ ጋር አይገናኝም የሚል ቤተሰብ ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሱን ለመቀየር አልመጣሁም። ጋራዥ ወይም ቤዝመንት ውስጥ አልጋውን አንጥፉለት፣ በቀን ሁለት ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አንሸራሽሩት። አጥር ለመሥራት ካሰባችሁ መጀመሪያ የሰፈሩን የቤት ባለቤቶች ማኅበር አስፈቅዱ። ለረጅም ጊዜ ታስሮ የኖረ ውሻ አጥር ውስጥ ሲለቀቅ ሥሩን ይቆፍራልና የሽቦ መረብ ግርጌው ላይ ቅበሩ። ያልተኮላሸ ወንድ ውሻ ደግሞ ሴት ፍለጋ አጥር ስለሚያልፍ ማስኮላሸቱ ራሱ ግማሹ አጥር ነው።

ማሰር ግድ ከሆነ፣ በሁለት ምሰሶ መካከል በተወጠረ ሽቦ ላይ የሚንሸራተት ማሰሪያ ይሻላል። በሁለቱም ጫፍ፣ ከምሰሶው ሦስት አራት ጫማ ቀደም ብሎ፣ መግቻ አድርጉበት፤ አለዚያ ምሰሶው ላይ ይጠመጠማል። የውሻ ቤቱ ወለል ከመሬት ከ2 እስከ 4 ኢንች ከፍ ይበል፤ እግር የሚያሾልክ የሽቦ ወለል ሕጉም አይቀበለውም። ስፋቱ ቆሞ፣ ዞሮ፣ ተጋድሞ የሚበቃውን ያህል ብቻ ይሁን፤ ከዚያ ከሰፋ በገዛ ትንፋሹ አይሞቅም። በክረምት ገለባ እንጂ ብርድ ልብስ አታንጥፉ። ብርድ ልብስ እርጥበት ይዞ በረዶ ይሆናል።

ቴክሳስ ዘመድ ያላችሁ ይህን ንገሩልኝ፦ እዚያ ከጃንዋሪ 18፣ 2022 ጀምሮ ሰንሰለት ጭራሹን ተከልክሏል፣ ማሰሪያውም 10 ጫማ ወይም የውሻው ርዝመት አምስት እጥፍ ነው፤ የሚበልጠው። ካሊፎርኒያ ደግሞ ከአንድ ቦታ ጋር አስሮ ማቆየትን በ24 ሰዓት ውስጥ ከሦስት ሰዓት አታሳልፍም። አዲስ አበባ ያሉ ቤተሰቦቻችሁም ቢሆኑ ነፃ አይደሉም፤ የ1952 ዓ.ም.ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንስሳው በድንገት አምልጦ እንኳ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል። እዚያ ግቢው አስቀድሞ የታጠረ ስለሆነ፣ ለእንግዳ ሰዓት የሚሆን የሽቦ በር ያለው ትንሽ ክፍል መለየት ብቻ ነው የሚቀረው። በቆርቆሮ ግን አይሸፈን፤ ቀትር ላይ ምድጃ ይሆናል።

በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሜትርና ሚዛን አለ። የማሰሪያችሁን ፎቶ በስልካችሁ የያዛችሁ፣ ወይም ማሰሪያውን ራሱን ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ወዲህ ኑ፤ አብረን እንመዝነው።