ከትንንሽ ልጆች ጋር ባሕር ማዶ፦ እቅዱ ከየት ይጀምር?

ሰላም! ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ ውጭ አገር ያለ ከተማ ለመዝናናት ካሰባችሁ፣ የሚጎበኙ ቦታዎችን ዝርዝር ለጊዜው አቆዩት። መጀመሪያ ልጃችሁ ቀን ቀን የሚተኛበትን ሰዓት ጻፉ። ውሎው የሚታቀደው በዚያ ዙሪያ ነው።

ማረፊያም የሚመረጠው በዚሁ ነው። ከተማው ዳር ርካሽ ሆቴል ብትይዙ፣ ከሰዓት ልጁ እንቅልፉ መጥቶ ሲነጫነጭ አልጋው አንድ ሰዓት ይርቃል። መሃል ከተማ ያለች ጠባብ ክፍል በብዙ ትሻላለች። ከምሳ በኋላ ገብቶ ይተኛል፣ እናንተም እግራችሁን ታሳርፋላችሁ፣ አመሻሽ ላይ ሁላችሁም በአዲስ ጉልበት ትወጣላችሁ።

(ምስል፦ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ደረጃ፣ የልጅ ጋሪ የተሸከሙ ወላጆች)

ጋሪው ቀላልና በአንድ እጅ የሚታጠፍ ይሁን። ፓሪስን እንውሰድ። አብዛኞቹ የሜትሮ (የምድር ውስጥ ባቡር) ጣቢያዎች አሳንሰር የላቸውም። በአንድ ክንድ ልጅ፣ በሌላው ጋሪ ይዞ ያን ሁሉ ደረጃ መውጣት ጉልበት ይጨርሳል። እዚያ አውቶቡስ ይሻላል፤ ልጆቹም በመስኮት ከተማውን ያያሉ። ለንደን ደግሞ ከ11 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከአዋቂ ጋር ሆነው በምድር ውስጥ ባቡር በነፃ ይሄዳሉ።

በቀን አንድ ትልቅ ነገር ይበቃል። በነፃ የሚገባባቸውን ቦታዎች አስቀድሙ። የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም መደበኛ መግቢያው ነፃ ነው። አዳራሹ ውስጥ 25 ሜትር የሚሆን የሰማያዊ ዓሣ ነባሪ አፅም ከጣሪያው ተንጠልጥሏል። ልጁ አንጋጦ ሃያ ደቂቃ አይቶ «በቃኝ» ካለ፣ ውጡ። የከፈላችሁት ስለሌለ አይቆጫችሁም።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ብዙ አገሮች ፓስፖርቱ ቢያንስ 6 ወር እንዲቀረው ይጠይቃሉ፤ የልጆች ፓስፖርት ደግሞ ብዙ ቦታ ከአዋቂ ቀድሞ ጊዜው ያልፋል። አንድ ወላጅ ብቻ የሚጓዝ ከሆነ፣ የሌላኛው የፈቃድ ደብዳቤ ሊጠየቅ ይችላል። አውሮፕላን ላይ ጭን ላይ የሚቀመጠው ከ2 ዓመት በታች ያለ ልጅ ነው። እዚያው ሳላችሁ 2 ዓመት የሚሞላው ከሆነ፣ ለመመለሻው የራሱ ወንበር ያስፈልገዋል። ይህን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አስሉት።

አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር ጡት ወይም ጡጦ ስጡት፤ መዋጡ የጆሮውን ግፊት ያቀልለታል። የደረሳችሁበትን ቀን ምንም አትያዙበት። ቀን ከሆነ ቅርብ ያለ መናፈሻ ውሰዷቸው፣ ብርሃን ላይ ይሩጡ። የቀን ብርሃን ሰውነታቸውን ከአዲሱ ሰዓት ጋር ያላምደዋል።